እጀታ የሌለው ቃል

አገሪቱ የት ነበረች ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር በሁለት ወንዞች መካከል ነበረች ብዬ እመልስለታለሁ፤ የትኞቹ ወንዞች ብሎ ቢደግምልኝ ግን ዝም እለዋለሁ። አንባቢ የራሱን ወንዞች ያስብ። የምተርከው ነገር ረጅም አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከመነሻው ተይዞ በወጉ መነገር አለበት። በዚያች አገር ላይ ጥፋት የደረሰው ሕግ በማጣት ሳይሆን ሕግ በማብዛት ነበርና።

በዚያች አገር ገበሬ ዘሩን በቤቱ አያኖርም ነበር። ከከተማይቱ በላይ ባለው ኮረብታ የዘር ቤት የሚባል ረጅም የድንጋይ ሕንፃ ነበረ፤ በውስጡም ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንዳንድ ክፍል ተመድቦለት ነበር። ገበሬው ምርቱን ሲሰበስብ ለዘር የሚሆነውን መርጦ እዚያ ያስገባል፤ ዝናብ ሲጥል ያወጣል። በሩ ቁልፍ አልነበረውም። ባለ ክፍሉ ወደ ደጃፉ ቀርቦ የክፍሉን ቍጥር ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የበር ቃሉን ግን በበር ጠባቂው ጆሮ ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ከግድግዳው ጀርባ መዝገብ የያዘ ጸሐፊ በትንሽ ቀዳዳ ያዳምጣል፤ ቃሉ ትክክል ከሆነ ደወሉን አንድ ጊዜ ይመታል፤ ስሕተት ከሆነ ሁለት ጊዜ ይመታል። በር ጠባቂውም የደወሉን ድምፅ ሰምቶ ይከፍታል ወይም ይከለክላል። ዐይኑ ሁልጊዜ በጥቁር ጨርቅ የታሰረ ነበር። ቃልን እንጂ ፊትን እንዳያምን ታዝዞ ነበርና።

በቀድሞው ዘመን የበር ቃል ቀላል ነበር። አንዱ የበሬውን ስም፣ ሌላው የበኵር ልጁን ስም ያደርግ ነበር። አንድ ዓመት ግን አንድ ሌባ መጣና ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ሲጠሩ ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ተጋድሞ አዳመጠ፤ በአራተኛው ቀን ሃያ ክፍል አስከፍቶ ሄደ። ንጉሡ ደነገጡ፤ አስረስ የሚባሉትንም ሰው ሊቀ መዝጊያ ብለው ሾሙ። ሊቀ መዝጊያ አስረስ ቀጥ ያሉ፣ በሹመታቸው አንዲት እፍኝ እህል ያልነኩ ሰው ነበሩ፤ ይህን የምናገረው አንባቢ ክፉ ሰው አድርጎ እንዳይገምታቸው ነው። ሰባት ቀን በራቸውን ዘግተው ሕግ ጻፉ።

ሕጉ እንዲህ ይል ነበር። የበር ቃል ከስምንት ፊደል አይነስ። የሰው፣ የከብት፣ የቦታ ስም አይሁን፤ ትርጕምም አይኑረው። ቍጥር ይኑርበት። የአንድ እንስሳ ድምፅ ይኑርበት፤ ድምፁም እንደ እንስሳው ሆኖ ይሰማ። በየወሩ መባቻ ይለወጥ፤ አዲሱም ካለፉት ዐሥራ ሁለት ቃላት አንዱንም አይምሰል። ባለቤቱ አይጻፈው፤ ለትዳር ጓደኛው አይንገረው፤ በእንቅልፍ ልቡ የተናገረው እንደ ሆነ ጧት ራሱ መጥቶ ይክሰስ። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ክፍሉ በጭቃ ታትሞ አርባ ቀን ይዘጋበት። በእንቅልፉ መናገሩን ያላወቀ ሰውስ እንዴት ይሁን ተብለው ቢጠየቁ፣ ሊቀ መዝጊያው «ይወቅ» ብለው መለሱ።

ለዚህም ቃል ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ሦስት ፈታኞች ተቀመጡበት። አንደኛው ፊደሉን በጣቱ ይቈጥራል። ሁለተኛው ያረጀ አዳኝ ሲሆን የእንስሳውን ድምፅ ይመዝናል። ሦስተኛው ትርጕም ሰሚ ይባላል፤ ቃሉ ሲነገር ፊቱ ላይ ጥቂት እንኳ የገባው መስሎ ከታየ ቃሉ ይወድቃል። ይህ ሰው ከብዙ ዘመን ልምድ የተነሣ ምንም ነገር የማይገባው መስሎ መቀመጥን ስለ ለመደ፣ በቤቱም በደጁም ያው ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ዕረፍት አጣች። ሰው ሁሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይሄድ ጀመር። ሰላምታ ቀረ፤ እንደምን አደርህ ለማለት የሚፈጀው ጊዜ አንዲት ፊደል ሊያስጥል ይችላልና። በአንድ ለቅሶ ላይ የሟች እኅት ደረቷን እየመታች ስታነባ ድንገት «አራት» ብላ ዝም አለች፤ ለቀስተኛው የሆነውን ስላወቀ ፊቱን አዞረላት። አንድ ሙሽራ ደግሞ በሽማግሌዎች ፊት ሚስቱን ይወድድ እንደ ሆነ ሲጠየቅ የዶሮ ጩኸት አሰማ። ጋብቻው ጸና፤ ቃሉ ግን በዚያው ቀን ተሰረዘ።

እንግዲህ የሰኔ ወር ገባ። ንጉሡ ከነገሡ ዘጠነኛው ዓመት ነበር። ሰማዩ ዝቅ አለ፤ ነፋሱ ከየአቅጣጫው ይነሣ ጀመር፤ በሬዎችም በበረታቸው መቆም አልሆነላቸውም። በዚያ ወር ከክፍሏ ውጭ የቀረችው ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች።

የደብሪቱ ሥራ የጠፋ ከብት መለፈፍ ነው። በገበያ ቀን ከአንድ ድንጋይ ላይ ትቆማለች፤ ከብት የጠፋባቸው ሰዎች የነገሯትንም ሁሉ ሳትጽፍ በቃሏ ትለፍፋለች፤ አርባም ቢሆኑ ሃምሳም፣ አንዱን ከአንዱ አታምታታም። «ቀይ በሬ፣ ግራ ቀንዱ የተሰበረ፣ ሴት ሲያይ የሚደነግጥ» ትላለች። «ዳማ በቅሎ፣ ሲያዛጋ ምላሱን መልሶ ማስገባት የሚረሳ» ትላለች። ገበያተኛው ይስቃል፤ ስቆም አይረሳም፤ በማግሥቱ በቅሎው ይገኛል።

ይህች ሴት የምትኖረው በአንድ እርሻ ላይ በምትዘራው ጥቁር ገብስ ነበር። ጥቁር ገብስ የሚዘራው ሰኔ ሳይወጣ ነው። የአገሩ ሕግ ደግሞ ሐምሌ ሲገባ ጦሙን ያደረ መሬት የንጉሥ ከብት ግጦሽ ይሁን ይላል። ዘሯ በክፍል ሰማንያ አንድ ተቀምጧል። ቃሉ ጠፍቶባታል።

የጠፋባት ችላ ብላ አልነበረም። ሕጉን ቃል በቃል ስለ ጠበቀች ነበር። የግንቦቱ ቃሏ «ጥዝቡ ሦስት ፍርጨጌ ኩኩሉ» የሚል ነበር፤ ትርጕም ሰሚው እንደ ድንጋይ ሆኖ አሳለፈላት። የሰኔው ከዚያ የባሰ ነበር፤ የባሰ መሆኑን ታስታውሳለች፤ ሌላውን አታስታውስም። አንድ ጊዜ ሞክራ ደወሉ ሁለት መታ። በማግሥቱ ደግሞ መጣች።

በር ጠባቂው ኮስትሬ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነበር።

«ክፍል ሰማንያ አንድ» አለች።

«ባለ ክፍሏ ሆይ፣ ቃልሽን ተናገሪ» አለ ኮስትሬ፣ ዐይኑ እንደ ታሰረ።

«ባለ ክፍሏ ሆይ ትለኛለህ? ዛሬ ጧት ከቤቴ ቂጣ በልተህ አይደለም የወጣኸው?»

«ቂጣ የበላው ኮስትሬ ነው። እዚህ የተቀመጠው በር ጠባቂው ነው። አንተዋወቅም።»

«እንግዲያው ኮስትሬን ካገኘኸው ንገረው፤ ነገ ቂጣ የለም።»

ጎንበስ ብላ በጆሮው ተናገረች። ከግድግዳው ጀርባ ገጽ ሲገለጥ ተሰማ። ደወሉ ሁለት ጊዜ መታ።

«አንድ ቀርቶሻል» አለ በር ጠባቂው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ በሞተው ወንድሜ ይዤሻለሁ፤ ሦስተኛውን እንዲሁ በግምት እንዳትሞክሪው» አላት።

«አንተዋወቅም አላልክም?»

«አንተዋወቅም፤ ግን እንዳትሞክሪው።»

ከዚያ ወደ ቃል ቤት ወረደች። ሊቀ መዝጊያ አስረስ ተቀምጠው ነበርና ጉዳይዋን በትዕግሥት ሰሙላት።

«ቃልሽን ለመለወጥ ትችያለሽ፤ መብትሽ ነው» አሏት። «የቀድሞውን ተናገሪና አዲስ አስመዝግቢ።»

«ጌታዬ፣ የመጣሁት የቀድሞው ስለ ጠፋኝ ነው።»

«ለእርሱም ሕግ አለው። ሲመዘገቡ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃሉ። እነርሱን መልሽ።» መዝገቡን ገለጡ። «የመጀመሪያ በሬሽ ስም ማን ነበር?»

«ዳኘው።»

«ስሕተት ነው።»

«የገዛ በሬዬን ስም እንዴት እስታለሁ? ጎረቤቶቼ ሁሉ ያውቁታል።»

«ስሕተት የሆነው ለዚሁ ነው» አሉ ሊቀ መዝጊያው። «ጎረቤት የሚያውቀው መልስ ሌባም ያውቀዋልና መልሱ ሐሰት እንዲሆን ደንግገናል። በተመዘገብሽ ጊዜ ሐሰት ተናግረሻል፤ እርሱኑ ድገሚው።»

ደብሪቱም «እውነቱን አልረሳሁም፤ የትኛውን ውሸት እንደ ዋሸሁ ነው የረሳሁት» አለች።

«እንግዲያው» አሉ መዝገቡን እየዘጉ፣ «ሦስተኛው ሙከራ ይቀርሻል። በጸጥታ አስቢበት።»

በጸጥታ የሚታሰብበት ስፍራ ግን በአገሩ አልነበረም። በየጥጉ ሰው ያጕተመትማል። ሴትዮዋ ከቤቷ ወደ እርሻዋ፣ ከእርሻዋ ወደ ኮረብታው ግርጌ ትመላለስ ጀመር፤ ባሏን ያጣች ሰሞን እንኳ እንዲህ አልተቅበዘበዘችም ነበር። ጎረቤቶቿ ሁሉ ዘራቸውን አውጥተው ይዘራሉ። አንድም የተሳሳተ የለም። ይህ አስደነቃት፤ አንዷን ጎረቤቷንም «እናንተ እንዴት አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ?» ብላ ጠየቀቻት። ጎረቤቷ ቀላ ብላ፣ «ሁሉም የራሱ ዘዴ አለው» አለቻትና ፈጥና ሄደች።

ዘዴው የተገለጠው በሦስተኛው ቀን ነው። ዕለቱን በቀትር አሥራ ዘጠኝ ክፍል ተከፍቶ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሌባው የተያዘው በጥበብ አልነበረም፤ አህዮቹ ከነጭነታቸው ከወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ሰጥመውበት ነው፤ ዘሩም ወደየክፍሉ ተመለሰ። ቢራራ የሚባል ጨው ነጋዴ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ በቃል ቤት ግቢ ተሰበሰበ፤ ደብሪቱም ከኋላ ቆመች።

«የአሥራ ዘጠኝ ሰው ምሥጢር ከማን ሰማህ?» ብለው ጠየቁ ሊቀ መዝጊያው።

«ከማንም አልሰማሁም» አለ ቢራራ። «ጨው ስሸጥ የሰዉን ከንፈር አየሁ። ግንቦት ውስጥ ከንፈሩ ሁሉ ግንቦት ግንቦት ይላል። ሰኔ ሲገባ ወደ ሰኔ ዞረ። ቍጥር ያስፈልጋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ንጉሡ ከነገሡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እንስሳ ያስፈልጋልም ተብሏል፤ ሰው ሳይቸገር የሚያሰማው ድምፅ የፍየል ነው። ስለዚህ ከበሩ ቀርቤ እንዲህ አልሁ፦ ሰኔ ዘጠኝ ሜኤኤ።»

በግቢው ዳር የታሰረች አንዲት ፍየል መለሰችለት። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሕዝቡ ሁሉ ጫማውን ያይ ነበር።

ፊደል ቈጣሪው በጣቱ ቈጥሮ፣ «ስምንት ነው፤ በሕጉ ልክ ነው» አለ በቀስታ።

«ሰኔ ትርጕም የለውምን?» አሉ ሊቀ መዝጊያው ወደ ትርጕም ሰሚው ዞረው።

«ሕጉ የሰው፣ የከብት፣ የቦታ ይላል፤ ወር አይልም» አለ ትርጕም ሰሚው። «ሰኔም ግንቦትን አይመስልም።»

«በስንት ክፍል ሞከርህ?»

«በአሥራ ዘጠኝ» አለ ቢራራ። «ክፍል አንድ የመጀመሪያው ነበር።»

ክፍል አንድ የሊቀ መዝጊያ አስረስ ነበር። እርሳቸውም ተነሥተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ፍየል ተከልክላለች» ብለው ዐወጁ።

«በግስ?» አለ አንድ ሰው ከመካከል።

«በግ አልተጠቀሰችም።»

ከሕዝቡ መካከል አንዳንዶች እዚያው እንደ ቆሙ በለሆሳስ የበግ ድምፅ ይለማመዱ ጀመር። በዚህ ጊዜ ደብሪቱ ሰዉን በክንዷ እየገፋች ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ፣ አቤቱታ አለኝ» አለች። «ሕጉን የጠበቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከበር ውጭ የቀረሁትም እኔ ብቻ ነኝ። ሕጉን ያፈረሱት ሁሉ ገብተዋል፤ ሌባውም አብሯቸው ገብቷል። ይህ ሕግ የዘጋው በማን ላይ ነው?»

«ሕጉ የጠየቀሽ ስምንት ፊደል እንድታስታውሺ ነው።»

«ባለፈው ገበያ ሃምሳ ሁለት ከብት ለፍፌያለሁ። አንዱንም አልጣልሁ። ሃምሳ ሁለት ከብት የሚሸከም ራስ ስምንት ፊደል የሚጥለው ለምንድን ነው?»

«ቸልተኝነት ነዋ።»

«አይደለም። ማሰሮውን አክብዳችሁ እጀታውን ከለከላችሁን። የሰጣችሁን ቃል የሚያዝበት የለውም። እኔ ከብቱን የማስታውሰው በሚያስቀው ነገሩ ነው። ሲያዛጋ ምላሱን የሚረሳ በቅሎ አንድ ጊዜ ከሰሙ፣ ልርሳው ቢሉም አይለቅዎትም።»

«ትርጕም ያለውን ነገር ሌባ ያገኘዋል» አሉ ሊቀ መዝጊያው። «በሬዎቹን ረሳሽን?»

«አንድ ነገር ከሆነ ያገኘዋል። የማይገናኙ አራት አምስት ነገሮችን አንሥተው አንድ ላይ ቢሰፏቸው ግን ከየት ያገኘዋል? እንዲህ ልበል፤ ሰባት እንቁራሪት ካባ ለብሰው ጨው ይሸምናሉ።»

ከግቢው መካከል አንድ ሰው ፈንድቶ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው።

ያረጀው አዳኝ አንገቱን አስግጎ፣ «ካባው ምን ዓይነት ነው?» አላት።

«እርስዎ እንዴት አዩት?»

«ቀይ ነው» አለ አዳኙ። «የመጨረሻዋ ይረዝምባታል፤ መሬት ይጐትታል።»

«ነገ ይረሱታል?»

«ቤቴ ገብቼ ብተኛም የሚተወኝ አይመስለኝም።»

ፊደል ቈጣሪው ዐሥሩም ጣቶቹ አልቀውበት የጎረቤቱን እጅ ይዞ ይቈጥር ነበር። «ሃያ ሁለት» አለ በመጨረሻ፣ በመገረም።

«እንቁራሪትን የሚገምት ሌባ ካባን አይገምትም» አለች ደብሪቱ። «ካባን ቢገምት ጨውን አይገምትም። ጨው ይሸመናል ብሎ የሚያስብ ሌባ ደግሞ ገና አልተወለደም። ርዝመቱ ለሌባው ነው፤ ሳቁ ለባለቤቱ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህችን አሁን በአደባባይ ተናግሬአታለሁና ሞታለች። ማንም እንዳይወስዳት። እያንዳንዱ ከራሱ ጓዳ የራሱን ይስፋ።»

ሊቀ መዝጊያው በሕዝቡ ፊት ክፍላቸው በፍየል ተከፍቶባቸዋልና እንደ ወትሮው በቍጣ ለመመለስ አልቻሉም። በመጨረሻ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ ደብሪቱ በጸሐፊው ፊት ብቻ አዲስ ቃል በራሷ ዘዴ ታስመዝግብ። ቢራራ ሦስት ቀን ሙሉ ከበሩ ቆሞ የፈለገውን ያህል ይገምት፤ ቃሏን ያገኘ እንደ ሆነ በነጻ ይለቀቅ፤ መሬቷም ለግጦሽ ይሁን። ካላገኘው ገበያውን አርባ ቀን ይጥረግ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብሪቱ ራሷ ትምጣ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ትናገር። ደወሉ ሁለት ቢመታ ክፍሏ ይታተማል። ደግሞም በመካከሉ የገበያ ቀን አለና ከብት መለፈፏን እንዳታቋርጥ አዘዙ፤ ሃምሳ ከብት ጭንቅላቷ ውስጥ ሲገባ ቃሉ እንደሚወጣ ገምተው ነበር።

በማግሥቱ ዝናቡ ጀመረ። ቢራራ ጆንያ ተከናንቦ ከበሩ ቆመ። የወራቱን ስም ሁሉ ተናገረ። የሟች ባሏን ስም፣ የዳኘውን ስም፣ የከተማይቱን ጠበሎች ስም ተናገረ። ፍየል ሆነ፤ በግ ሆነ፤ ጅብም ሆነ። ደወሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲመታ ዋለ። በሁለተኛው ቀን እንቁራሪቶቹን ሞከረ፤ ስምንት አደረጋቸው፤ ካባቸውን አስወለቃቸው፤ በጨው ፈንታ ቅቤ አሸመናቸው። በሦስተኛው ቀን ድምፁ ዘግቶ ከኮስትሬ አጠገብ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ይህችን ሴት ታውቃታለህ?» አለው።

«አላውቃትም።»

«ባታውቃት ይሻልሃል። በዚህ ዓለም ላይ ስንት ነገር እንዳለ ልብ ብለህ ታውቃለህ? ከትናንት ጀምሮ ስቈጥር ነው የዋልሁት። ከምን ተነሥቼ ወደ ምን እንደምሄድ ጠፋኝ።»

ደብሪቱ በዚያው ጧት ከገበያው ድንጋይ ላይ ሃምሳ ስድስት ከብት ለፈፈች። ወደ ማታ ግድም፣ ፀሐይዋ በደመናው ሥር ስትታይ፣ ዝናቡ እየወረደባት ኮረብታውን ወጣች። ሊቀ መዝጊያው በጥላ ሥር ቆመው ነበር። ዘር የሚበተንበት ቀን ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም እንደ ነበር ያዩ ሰዎች ነግረውኛል።

«ክፍል ሰማንያ አንድ።»

«ባለ ክፍሏ ሆይ፣ ቃልሽን ተናገሪ።»

ጎንበስ ብላ ተናገረች። ምን እንዳለች አልጽፍም፤ ንብረቷ ነው። ኮስትሬ ግን ጨርቁ ከዐይኑ እስኪላላ ድረስ ሳቀ። ከበሩ ላይ በተቀመጠ በዐሥራ አንድ ዓመቱ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ከግድግዳውም ጀርባ ጸሐፊው ሲስቅ ተሰማ፤ በሳቁ መካከል ደወሉን አንድ ጊዜ መታ።

በሩ ተከፈተ። ደብሪቱ ሌሎች እንደሚያደርጉት ለዘንድሮ የሚበቃትን ብቻ አላወጣችም፤ ክፍሉን ጠርጋ ሁሉንም አወጣች። በሰኔ መጨረሻ ቀን የመጨረሻው እፍኝ ከመሬቷ ገባ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ ነበር።

ሊቀ መዝጊያ አስረስ ስሕተታቸውን ለማረም የማያፍሩ ሰው ነበሩ፤ ያረሙትም እንደ ልማዳቸው በሕግ ነው። የቀድሞውን ድንጋጌ ሽረው፣ ከሐምሌ መባቻ ጀምሮ የበር ቃል ሁሉ በደብሪቱ ዘዴ እንዲሠራ ዐወጁ። ሕዝቡ እንዳይቸገርም ምሳሌ ይሰጠው ብለው በገበያው መካከል ሰሌዳ አቆሙ። በሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል፣ በቃል ቤትም ማኅተም፣ እንዲህ ተጻፈ፦ ሰባት እንቁራሪት ካባ ለብሰው ጨው ይሸምናሉ። ማንበብ ለማይችሉትም ዐዋጅ ነጋሪ በየጧቱ ይጮኸው ነበር። ቢራራም ከሰሌዳው ሥር ይጠርግ ነበር።

ኮስትሬ በሐምሌ መባቻ ጨርቁን በእጁ ይዞ ወደ እርሻዋ ሮጠ። ገብሱ ማቈጥቈጥ ጀምሮ ነበር።

«እትዬ፣ ከትናንት ጀምሮ ወደ ቃል ቤት የሚገባው ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው የሚወጣው።»

«ምን አስመዘገቡ?»

«የሚያስመዘግቡትን በጆሮዬ አልሰማሁም። ግን ሲወጡ እንደ እንቁራሪት ይዘላሉ።»

ደብሪቱ እጇን ሳትታጠብ ወደ ገበያው ወረደች። ሰዉ ተለውጧል። ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ አንድም አልነበረም። ሰዎች ቆመው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ የልጆቻቸውን ደኅንነት ይጠያየቃሉ። እርሷንም እጅ እየነሡ «እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥልን፤ ገላገልሽን» ይሏት ነበር።

«የሞተችውን ነው የወሰዳችሁት» አለቻቸው። «የራሳችሁን ስፉ አላልሁም?»

«ምን አደከመን እትዬ? ማኅተም ያለበት ተሰጥቶናል» አለ አንዱ። «ደግሞ ከእንቁራሪቶቹ የተሻለ ከየት ይመጣል?»

ወደ ሊቀ መዝጊያው ሄደች። «ሃያ ሁለት ፊደል ነው፤ ሕዝቡም ወዶታል» አሏት በቅንነት። «እኔም ራሴ ተጠቅሜበታለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የሚቀራት ድንጋይዋ ነበር። ወጣችበትና የጠፋ ከብት በምትለፍፍበት ድምፅ ጀመረች፦ «የጠፋ ዘር! ክፍል አንድ፣ ነጭ ጤፍ፣ የሊቀ መዝጊያ፤ ክፍል ሁለት፣ ሠርገኛ ጤፍ...» ገበያተኛው ክብ ሠርቶ ይስቃል።

«እትዬ፣ መቼ ጠፋና?» አሏት።

እርሷም እስከ ክፍል ሰማንያ ለፈፈች፤ ሰማንያ አንድን ዘለለችና ቀጠለች።

በኮረብታው ላይ ጤፍ የሚያወጡ ሰዎች ሰልፍ ይዘው ነበር። ኮስትሬ ተመልሶ ዐይኑን አስሮ ተቀምጧል። ጆሮው ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይወርዳል፤ ደወሉ አንድ፣ እንደ ገና አንድ፣ እንደ ገና አንድ ይመታል። የሚቈጣ የለም፤ የሚሳሳት የለም። ሰልፉ በፍጥነት ይሄዳል። ከዚያም የቀጣዩ ሰው እግር ከፊቱ ቆመ፤ የመጥረጊያ ሽታ ነበረው።

«ክፍል አንድ» አለ ሰውየው፣ ድምፁ ገና እንደ ዘጋ።

ኮስትሬ ያንን ድምፅ ሦስት ቀን ሙሉ ሰምቶታል። እጁ ወደ ጨርቁ ቋጠሮ ሄደ፤ ከቋጠሮው ላይ ጥቂት ቆየና ወረደ።

«ባለ ክፍሉ ሆይ፣ ቃልህን ተናገር።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ተናገረ። ደወሉ አንድ ጊዜ መታ። ኮስትሬም ከፈተለት።